ሦስተኛው ጉልቻ

ባሌ፣ ሮቤ ከተማ ውስጥ የማውቀው አንድ ስቱዲዮ አለ። "ስቱዲዮ" የሚለውን ማዕረግ የሰጠው ባለቤቱ ነው። እናቱ "የልጁ ክፍል" ይሉታል፤ የሰፈሩ ሕፃናት ደግሞ "ዱምዱም ቤት" ይሉታል። ከግቢው ጀርባ ያለች ሦስት ሜትር በሦስት ሜትር ሰርቪስ ናት። ግድግዳዋ በጭድ የተቦካ ጭቃ ሆኖ ላዩ በሲሚንቶ ተለስኗል፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ ነው፣ በሯ ጥግ ላይ ነው። አንድ አልጋ፣ አንድ ቡፌ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ጥሩ ወንበርና አንድ መጥፎ በርጩማ አላት። ወንበሩንና በርጩማውን ልብ በሉልኝ፤ በኋላ እመለስባቸዋለሁ።

መጀመሪያ የገባሁ ዕለት ዓይኔ ያረፈው ሞኒተሮቹ ላይ ነው። ሞኒተር የምለው ዘፈን ሚክስ የሚደረግበትን ስፒከር ነው፤ እንደ ሠርግ ቤት ስፒከር ሰው ለማስጨፈር ሳይሆን፣ የዘፈኑን ጉድ ሳይሸፍን እንዲናገር የተሠራ ዕቃ። እነዚህ በአገራችን የቤት ስቱዲዮ ፎቶ ላይ የማይጠፉት ቢጫ ሆዶች ቡፌው ላይ በግራና በቀኝ ጉብ ብለዋል። በመሃላቸው ቴሌቪዥን፣ ከቴሌቪዥኑ ፊት የፕላስቲክ አበባ። አናታቸው ላይ እናቱ በእጃቸው የሠሩት ነጭ ዳንቴል ተደፍቷል፤ የዳንቴሉ ጫፍ ወርዶ ትዊተሩን፣ ማለት ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣውን ትንሹን አፍ፣ እንደ ሙሽራ ዓይነ ርግብ ጋርዶታል። ሁለቱም አንገታቸውን ወደ በሩ ጠምዝዘዋል።

"ምነው ወደ በሩ ዞሩ?" አልኩት።

"እንግዳ ሲገባ ፊት ለፊት እንዲያገኛቸው ነዋ፣ ጋሼ።"

ልፈርድበት አልቻልኩም። እኛ ቤት ድምፅ የሚያወጣ ዕቃ ሲገባ የሚጠየቀው "የት ቢሆን ያምራል?" ነው፤ "የት ቢሆን ይሰማል?" ብሎ የጠየቀ ሰው አላጋጠመኝም። ሬዲዮናችን የቆዳ ልብስ ነበረው። ቴፑ ካሴቶቹን ግራና ቀኝ አሰልፎ ቡፌው ላይ እንደ ዳኛ ይሰየም ነበር። እኔ ባደግሁበት ቤት የቴፑ አንደኛው ስፒከር ከአበባ ማስቀመጫው ጀርባ ስለነበር ልጅነቴን ሙሉ የሰማሁት የዘፈኑን ግማሽ ነው። ካደግሁ በኋላ ያንኑ ዘፈን በጆሮ ማዳመጫ ስሰማው ለካ ሳክስፎን አለው!

የልጁ ጠረጴዛ ደግሞ ክፍሉ እምብርት ላይ ነው። ለምን መሃል እንዳደረገው ስጠይቀው፣ "ድምፁ ከሁሉም አቅጣጫ እኩል እንዲመጣልኝ" አለኝ። ሲሰሙት ልክ ይመስላል። በዚያ ሰሞን ለአንድ የጎባ ድምፃዊ ዘፈን ይሠራ ነበር፤ ቤዙ አልሰማ አለው። ጨመረ። አሁንም አልሰማ አለው። ደገመ። ከኋላ ግድግዳው ጥግ አልጋው ላይ ተቀምጠው ምስር የሚለቅሙት እናቱ፣

"ኧረ ልጄ፣ ይሄ ከበሮ ልቤን አወለቀው፤ ትንሽ ቀንስልኝ" አሉ።

"እማዬ፣ አንቺ ሙዚቃ አታውቂም" አለና አንድ ጭማሪ ሰጠው።

ዘፈኑ በፍላሽ ተገልብጦ ወደ ባጃጅ ገባ። ያን ዕለት ከፊት መስታወቱ ጀምሮ እስከ ኋላ መቀመጫው ያልተንቀጠቀጠ የባጃጅ አካል አልነበረም። ሾፌሩ መብራት የተቋረጠ ይመስል ቴፑን ድርግም አድርጎ ዘጋና፣ "ወንድሜ፣ ይሄ ዘፈን ነው ወይስ ሞተሬ ሊነክስ ነው?" ሲል ጠየቀ። የግጥሙን አንድ ቃል የሰማ የለም። ስቱዲዮው ውስጥ ለባጃጁ ፍርድ የሚቀርብ ነገር የተናገሩት ምስር ለቃሚዋ ብቻ ነበሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውኃ የሞላ ሳፋ ይዛችሁ ስትራመዱ ውኃው የሚንቦጫረቀው ከዳርና ከዳር ነው፤ እምብርቱ ላይ ከፍ ዝቅ አይልም። ወፍራም ድምፅም በሁለት ግድግዳ መካከል ሲታሰር እንደዚያው ነው። የሮቤ አየር 15 ዲግሪ ገደማ ሲሆን ድምፅ በሰከንድ ወደ 340 ሜትር ይሄዳል። ግድግዳዎቹ በሦስት ሜትር ከተራራቁ 340ን ለእጥፉ፣ ለስድስት፣ አካፍሉት፤ 57 ኸርዝ ገደማ ይመጣል። ያ ድምፅ ግድግዳው ጋ ይፎክራል፣ መሃል ላይ ይሰወራል። የቤዝ ጊታር ሦስተኛ ክር ሳይጫን ሲመታ 55 ኸርዝ ነው፤ የተሰወረው እንግዲህ የዘፈኑ ወገብ ነው። ክፍሉ ርዝመቱና ወርዱ እኩል መሆኑ ደግሞ ነገሩን አባሰው፤ ሁለቱም ጥንድ ግድግዳ የተስማሙት በአንዱ ድምፅ ላይ ነው። እኩልማ መጣለት። እኩል መጥቶ እፊቱ ተጣፋ።

የባጃጁ ወሬ ከተማውን ሲያዳርስ መካሪዎች መጡ። ሮቤ በስንዴ የታወቀች አገር ናት፤ በምክር ምርትም ከማንም አታንስም፤ እሱ ግን ኮምባይነር አይፈልግም፣ በቃል ይወቃል።

የመጀመሪያው መካሪ የእንቁላል ትሪ አዘዘ። ልጁ ቁርስ ቤቶቹን ሁሉ ዞሮ ትሪ ለቀመ፣ ግድግዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አለበሰው። ፎቶ ሲነሳ እውነትም የፈረንጅ ስቱዲዮ መሰለ። የእንቁላል ትሪ ግን ስስ ወረቀት ነው፤ ቀጭኑን ድምፅ ጥቂት ያለዝበዋል፣ ወፍራሙ ድምፅ ግን የሳነቴ አምባ ጭጋግ በቅርንጫፍ አጥር እንደሚያልፈው ነው የሚያልፈው። ከዚያ በኋላ ክፍሉ ጉንፋን የያዘው ሰው ሆነ፤ አፉ ተዘጋ፣ ደረቱ ግን ማጉረምረሙን አልተወም። ጎረቤትም እንደ ድሮው መስማቱን ቀጠለ።

ሁለተኛው መካሪ ፊዚክስ ጀምሮ ወደ ንግድ የዞረ ሰው ነው። "ችግሩ ከፍታው ነው" አለ። ሮቤ ከ2400 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው፣ ስስ አየር ቤዝ አይሸከምም፤ ስለዚህ ባለ ሞኒተሩ እንደ ከፍታው ቤዝ ይጨምር። በዚህ ሒሳብ ከሮቤ 14 ኪሎ ሜትር ርቃ ከፍ ያለችው ጎባ የበለጠ ልትጨምር ነው፤ 4377 ሜትር ላይ፣ ቱሉ ዲምቱ ጫፍ፣ ስቱዲዮ የከፈተ ሰው ደግሞ ከቤዝ በቀር ሌላ ነገር ባይቀዳ ይሻለዋል። እውነቱ፣ የድምፅ ፍጥነት የሚከተለው ሙቀትን እንጂ ከፍታን አይደለም፤ በዜሮ ዲግሪ በሰከንድ 331 ሜትር፣ በ20 ዲግሪ 343 ሜትር። ስስ አየር ላይ ስፒከር በጥቂቱ ይደክማል፣ ያ እውነት ነው፤ መድኃኒቱ ግን ቮልዩሙን በጣት ነካ ማድረግ ነው። አድማጩም የሚተነፍሰው ያንኑ አየር ነው።

ሳነቴ ካነሳሁ አይቀር፣ ስለ ድምፅ አቅጣጫ ቀይ ቀበሮን ያህል የሚያውቅ በዚያ አገር የለም። ፍልፈል መሬት ውስጥ ስትንኮሻኮሽ ቀበሮው ይቆማል፣ ራሱን ያዘነብላል፣ ሁለት ጆሮውን ወደ ጉድጓዱ ይተክላል። ድምፁ ለአንደኛው ጆሮ ቀድሞ ከደረሰ አንገቱን ያዞራል፤ እኩል ሲደርስለት ዒላማው አፍንጫው ፊት ነው። የሰው ጆሮም ሥራው ይኸው ነው፤ ሁለት ሞኒተሮች አንድ ዓይነት ድምፅ በአንድ ጊዜ፣ በእኩል ጉልበት ሲልኩ፣ ዘፋኙ ከሁለቱም ውስጥ ወጥቶ በመሃላቸው ባዶ ቦታ ላይ የቆመ ይመስላል። ስቴሪዮ የሚባለው አስማት ያ ነው። አስማቱን ለማየት ግን እንደ ቀበሮው ራስን ከድምፁ ጋር ማስተካከል ያስፈልጋል። ቀበሮው ፍልፈሏን ወደ በሩ ዙሪ አላላትም።

ሦስተኛው መካሪ አጭር ሰው ነው፤ ንግግሩ ማለቴ ነው። "ሞኒተሩን ቀይረው" አለ። አባቶቻችን ግን ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ብለዋል፣ ለዚህ ደግሞ ማስረጃ አለኝ። ያማሃ ኤንኤስ 10 የሚባለው ባለ ነጭ ሆድ ስፒከር እ.ኤ.አ. በ1978 ሲወጣ የታሰበው ለሳሎን ነበር፤ ሳሎን ሙዚቃ የሚሰሙ ሰዎች አልወደዱትም። የስቱዲዮ ሰዎች ወስደው ጠረጴዛቸው ላይ ሰቀሉት፤ ምክንያቱም ጥሩ ያልሆነን ነገር ጥሩ አያስመስልም። በ1980ዎቹ የዓለም ታላላቅ ዘፈኖች በእሱ አፍ ተፈተኑ፤ በ2001 ምርቱ ቆመ። ቀጭን ድምፁ ጆሮ ስለሚወጋ፣ ቦብ ክሊርማውንቴን የተባለው ስመ ጥር አሜሪካዊ ሚክሰር ትዊተሩ ላይ ሶፍት ወረቀት ያንጠለጥልበት ነበር። ይህን ታሪክ ለልጁ ነገርኩት። ሳስበው አሁን ይቆጨኛል፤ ምክንያቱን ከታች ታገኙታላችሁ።

አራተኛ መካሪ ሆኜ የመጣሁት እኔ ነኝ፤ በራሴ ላይ የምስቀው ኋላ ነው። አንድ እሑድ ጠዋት ቡፌውን ከእነ ቴሌቪዥኑ ወደ ጎን አወጣን፣ የእናቱን ፈትል ተውሰን መለካት ጀመርን። ነገሩን በጉልቻ ማስረዳት ቀለለኝ። ሁለቱ ሞኒተሮች ሁለት ጉልቻ ናቸው፤ ሦስተኛው ጉልቻ የሠሪው ጭንቅላት ነው። ከጉልቻ ጉልቻ ያለው ርቀት ሦስቱም ጎን እኩል መሆን አለበት፤ አንዱ ፈቀቅ ካለ ድስቱ ያዘነብላል። ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ 90 ሳንቲ ሜትር በቃን። ጭንቅላቱ ከፊት ለፊቱ ግድግዳ 1 ሜትር ከ14 ሳንቲ ላይ እንዲሆን አደረግን፤ የክፍሉ ርዝመት 38 በመቶ መሆኑ ነው፤ ከእምብርቱም ከፊት ግድግዳውም ሸሽቶ በሁለቱ መካከል የሚገኝ ቦታ። እንደ ሕግ አትያዙት፣ መነሻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ በጆሮ እየሰሙ ጣት ጣት መግፋት ነው። ሞኒተሮቹ ከግድግዳው 35 ሳንቲ ያህል ራቁ። ግድግዳ ላይ ቢለጠፉ ወፍራሙ ድምፅ ያብጣል፤ ሜትር ሙሉ ቢርቁ ደግሞ ከግድግዳው ተመልሶ የሚመጣው ድምፅ ከሚወጣው ጋር ይጣላና 85 ኸርዝ አካባቢ ጉድጓድ ይቆፍራል። ማዕዘን ውስጥ ማስገባትማ አይነሳ።

ቁመቱ ደግሞ ትዊተሩ በጆሮ ትክክል፣ ለተቀመጠ ሰው ከወለሉ 1 ሜትር ከ20 ገደማ ነው። ማቆሚያ መግዛት ቀርቶ ማየትም ስለማይቻል ከጎረቤት ግንባታ ብሎኬት ተለመነ። ሁለቱን አቁሞ ሦስተኛውን አጋድሞ መደርደር ልክ አንድ ሜትር ይሆናል፤ የቀረውን የሞኒተሩ ቁመት ይሞላዋል። ብሎኬቱ እንዳይነዝር ያረጀ ሸበጥ ቆርጠን ከሥሩ አነጠፍን።

እናቱ በሩ ላይ ቆመው ይህን ሁሉ ሲያዩ፣ "ሰው ብሎኬቱን ወደ ግድግዳ፣ ዕቃውን ወደ ቤት ያስገባል፤ እናንተ ቡፌውን አውጥታችሁ ብሎኬት ታስገባላችሁ" ብለው ምስራቸውን ይዘው ወጡ።

የመስታወቱ ነገር ቀረ። ሠሪው ቦታው ላይ ይቀመጣል፣ ሌላ ሰው በጎን ግድግዳው ላይ መስታወት እያንሸራተተ ይሄዳል፤ ከወንበሩ ሆኖ መስታወቱ ውስጥ ሞኒተሩ የታየበት ቦታ ድምፅ ነጥሮ ወደ ጆሮ የሚመለስበት ነው፤ ወፍራም ለስላሳ ነገር የሚሰቀለው እዚያ ነው። ቀላል ሥራ ይመስላል። መስታወት ያዡ ግን የጎባው ድምፃዊ ነበር፤ በየሁለት እርምጃው መስታወቱን ወደ ራሱ እያዞረ ጸጉሩን ያስተካክላል። ለሁለት ግድግዳ ከሰዓት በኋላችን አለቀ።

ለሚሰቀለው ነገር የልጁ አጎት ኬሻ ሰጡን፤ ጎባ ላይ እህል ነጋዴ ናቸው። ከእሳቸው በፊት የመጣ፣ ከቁጥሬ ያመለጠ ሌላ መካሪ "ከባድ ነገር ድምፅ ያስቀራል" ብሎ ሁለት ኩንታል ስንዴ ማዕዘኖቹ ላይ አስቁሞ ነበር፤ ስንዴው የሰበሰበው ድምፅ ሳይሆን ነቀዝ ነው። ድምፅ የሚደክመው አየር ሊገባባቸው በሚችሉ ቃጫ ነገሮች ውስጥ ሲሽሎኮሎክ ነውና ኬሻዎቹን በጭድ ሞልተን፣ ሃያ ሳንቲ ያህል አወፍረን፣ ከኤሌክትሪክ ገመድ አርቀን ሰቀልናቸው። ጭድ እሳት ይወዳልና ሲጋራ አጫሾችም ተባረሩ። እናቱ ተመልሰው መጡ።

"ይሄ ጭድ መጀመሪያም ከግድግዳው ውስጥ ነበር" አሉ። "በሲሚንቶ ለሰናችሁ ቀበራችሁት። አሁን ደግሞ ከውጭ ልትሰቅሉት ነው?"

መልስ አላገኘንላቸውም።

ከዚያ ሙከራ መጣ። ልጁ የዓሊ ቢራን አንድ የቆየ ዘፈን ከፈተ፤ ከልጅነቱ ጀምሮ በቃሉ የሚያውቀው ነው፤ ክፍልን ለመፈተን የሚያውቁትን ዘፈን እንጂ የራስን አዲስ ሥራ መክፈት አይጠቅምም፣ ሰው በራሱ ልጅ አይፈርድም። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፣ ዓይኑን ጨፈነ። ሲከፍተው መሃል ባዶውን ቦታ፣ ድሮ ቴሌቪዥኑ የነበረበትን፣ ትክ ብሎ አየ። "እዚህ ጋ ነው የቆመው" አለ በጣቱ እያመለከተ። አንድ ጊዜ ዳኝነቱን ሰጥቷልና ሥራዬን ጨርሻለሁ ብዬ ወደ አዲስ አበባ ተመለስኩ፤ ሸገር ላይም የሮቤን ስቱዲዮ ያስተካከልኩ ሰው ሆኜ ጥቂት ሳምንት ኖርኩ።

አዲሱ ዘፈን ተልኮልኝ ስሰማው ድምፃዊው በግራ ጆሮዬ በኩል ከቤት ሊወጣ ምንም አልቀረውም። ደወልኩለት። ከሮቤ ጎባ የሚመላለሰው ሚኒባስ ፍርድም ያው ነበር፤ በዚያ መንገድ አምስት ደቂቃ ዘፈን ሦስቴ ስለሚደገም ይግባኝ የለውም። ግራ የተቀመጡት ዘፋኝ ሰሙ፣ ቀኝ የተቀመጡት ኪቦርድ ሰሙ፤ ጎባ ሲደርሱ ስለ ሁለት ዘፈን ነው የተነጋገሩት።

ጉዳዩን ለማጣራት ስሄድ ጉልቻዎቹ አንድ ሳንቲ አልተነቃነቁም፤ ፈትሉ ይመሰክራል። የተነቃነቀው ሦስተኛው ነው። ወንበሩ ላይ የተቀመጡት የልጁ አጎት ነበሩ፤ ልጁ በርጩማው ላይ፣ ከቀኝ ሞኒተሩ ጎን ተጠግቶ፣ እጁን በአጎቱ ጉልበት ላይ አሳልፎ ማውሱን ይገፋል።

"ምነው?" አልኩት ወደ ውጭ ጠርቼ።

"እሳቸው ቆመው እኔ ልቀመጥ፣ ጋሼ?"

የሚጠየቅ አይደለም፣ እውነቱን ነው። ያ ቤት አንድ ጥሩ ወንበር አለው፤ ጥሩ ወንበር ባለበት አገር ደግሞ ሰው ሲገባ "ኖር!" ብሎ መነሳት ግዴታ ነው። ይህን ቀመር ያወጡት ሰዎች ሁሉንም ነገር አስበዋል፤ ማዕዘኑን፣ ቁመቱን፣ የአየሩን ሙቀት፣ የግድግዳውን ንጥረት፤ አጎት እንደሚመጣ ግን አላሰቡም። እንደ እነሱ አሳብ ሦስተኛው ጉልቻ የአንድ ሰው ብቻ ነው። እኛ ደግሞ ለአንድ ሰው ብቻ የሚመች ቦታ ቤታችን ውስጥ ካለ፣ ያ ቦታ የእንግዳ ነው።

የሚያስከትለውን ልንገራችሁ። ድምፅ 34 ሳንቲ ለመሄድ አንድ ሺኛ ሰከንድ ይበቃዋል፤ ጆሮ ግን ይህችንም ይቆጥራል፤ ቀድሞ ወደ ደረሰው ድምፅ ያደላል። ቀኙ ሞኒተር ጎን ለተቀመጠ ሰው ዘፋኙ ወደ ቀኝ የሄደ ይመስለዋል። ልጁም ታማኝ ሠራተኛ ነውና ዘፋኙን ወደ ግራ ገፋው። ገፋው፣ ገፋው፤ በበርጩማው በኩል መሃል ሲሆንለት በሌላው ሰው በኩል በግራ መስኮት ወጣ። አጎት ደግሞ በትክክለኛው ቦታ ተቀምጠው፣ የጭድ ኬሻው ሁሉ ለእሳቸው ጆሮ ተሰልቶ፣ በስልክ የስንዴ ዋጋ ይከራከሩ ነበር። ስልኩን ሲዘጉ፣ "ጥሩ ነው፤ ትንሽ ጩኸት ጨምርበት" አሉ። ሞኒተሮቹን የገዙት እሳቸው ናቸው።

እንዲህ ብዬ ሳስብ ድሮ ይሻል ነበር ልል ይዳዳኛል። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሪከርድስ የተባለውን ሸክላ አሳታሚ ሲያቋቁም በዚያ ዘመን ባንዱ በአንድነት ቆሞ እየተጫወተ ነበር የሚቀዳው፤ የድምፁ ሚዛን አብዛኛው የሚስተካከለው ማን ወደ ማይክ ይጠጋ፣ ማን ይራቅ በሚል ነው። ማይኩ ፊት የቆመን ዘፋኝ "ኖር፣ ለአጎታችን ቦታ ልቀቅ" ያለው ሰው አልነበረም። ወይም ነበረ ይሆናል፤ አንዳንዱ ሸክላ ላይ ትሮምቦኑ ዘፋኙን ጋርዶ ሲቆም ስሰማ እጠረጥራለሁ።

መፍትሔ አላጣንም። በትልልቅ ስቱዲዮዎች ለባለ ገንዘቡ ከኋላ ግድግዳ ሶፋ ይቀመጥለታል። ግድግዳው ጋ ቤዝ ስለሚያብጥ ባለ ገንዘቡ ሁልጊዜ ደስ ብሎት ይሄዳል፤ ሚክሰሩም በወንበሩ ይሠራል። እኛም አጎትን አልጋው ላይ እናስቀምጣቸው አልን። አጎት አልጋውን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩኝ።

"እኔ የገዛሁትን ዕቃ ከኋላ ሆኜ ልስማ?" አሉ።

አልጋው ለምስር ለቃሚዋ ተመለሰ። ሁለተኛ ጥሩ ወንበር እንግዛ የሚል ሐሳብም ቀርቦ ነበር፤ ሁለተኛው ወንበር ግን የት ይቀመጣል? ጉልቻ አራት ሆኖ አያውቅም።

በመጨረሻ ልጁ ወረቀት ጻፈ። "ወንበሩ የሠሪው ነው፤ እንግዶች ይቅርታ" የሚል ጽሑፍ በአማርኛና በኦሮምኛ አትሞ በሩ ላይ ለጠፈው። የዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎች ለምረቃ ዘፈን ሊያሠሩ ሲመጡ ወረቀቱን አንብበው ይስቃሉ፤ ከዚያ አንዱ ይቀመጥበታል።

ባለፈው ወደ ባሌ ስወርድ ገባሁ። ወቅቱ ቦና የሚሉት የሁለተኛው መኸር ዝናብ ነበር፤ የባሌ ደጋ በዓመት ሁለቴ ያጭዳል፣ ገና በሚሉት ወቅትና በቦና፤ ገበሬ ሲደሰት ቆርቆሮ ሥር የሚሠራ ሚክሰር ሁለቴ ያለቅሳል። በሩን ስገፋው ልጁ ብቻውን ነው። ወንበሩ ላይ፣ ጀርባውን አቅንቶ፣ ሁለቱን ሞኒተሮች በእኩል ርቀት ይዞ ዓይኑን ጨፍኗል። ከእንግዳ ነፃ የሆነች ሰዓት አግኝቶ፣ እንደ ሳነቴው ቀበሮ አንገቱን አዘንብሎ ያደምጣል። በቆምኩበት ሆኜ እንኳ ሚዛኑ እንደ ተስተካከለ ገባኝ።

አንድ ነገር ብቻ ዓይኔን ያዘው። ዳንቴሉ ተመልሷል። ትዊተሮቹ ላይ ወርዷል።

ዓይኑን ሲገልጥ ዳንቴሉን እንዳየሁበት አወቀ። "እማዬ ለአቧራው አልብሳቸው አለችኝ" አለ። "እኔም ያ አሜሪካዊው ሶፍት ያደርግ የለ ብዬ ተውኩት።" ይህን ታሪክ የነገርኩት እኔ ነኝና ዝም አልኩ።

ከዚያ ብድግ አለ።

"ኖር ጋሼ! እዚህ፣ እዚህ ይቀመጡ።"

"ኧረ በእግዜር! ሥራህን ሥራ።"

"ኧረ በፍጹም፣ ጋሼ!"

"ተው እንጂ፣ ወረቀቱን ራስህ ለጥፈህ…"

"እሱ ለሌላ ሰው ነው።"

እናቱ ጀበናውን ይዘው ከኋላዬ ደርሰው ነበር። "ተቀመጥ እንጂ ወንድሜ፣ ልጁን ምን ታስለምነዋለህ?" አሉኝ። ሁለቴ እንቢ ማለት ወግ ነው፣ ሦስተኛው ድርቅና ነው። ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ይመቻል። ልጁ በርጩማውን ስቦ ከቀኝ ሞኒተሩ ጎን ገባና ክንዱን በጉልበቴ ላይ አሳልፎ ማውሱን ያዘ።

ዘፈኑን እንደ ከፈተው ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ወረደ። የባሌን ዝናብ በቆርቆሮ ሥር ሰምቶ የሚያውቅ ይገባዋል፤ እንኳን ሞኒተር ጎረቤት እሳት ብሎ ቢጮኽ አይሰማም። የልጁ ከንፈር ሲንቀሳቀስ አየሁና ጆሮዬን አስጠጋሁለት።

"መሃል ላይ ነው ወይ፣ ጋሼ?" ብሎ ጮኸ።

ምንም አልሰማሁም። የእናቱ ቡና እጄ ላይ ይሞቃል፣ ሁለቱ ዳንቴሎች በእኩል ርቀት፣ በስልሳ ዲግሪ ፊት ለፊቴ ቆመዋል።

"በጣም ጥሩ ነው!" አልኩት። "ትንሽ ጩኸት ጨምርበት።"